«ሥራ፡ የለውም» ተብለው የተመዘገቡት አያቴ



በታሪክ ክፍለ ጊዜ «የአያታችሁን ታሪክ ጽፋችሁ ኑ» ስንላችሁ አብዛኛውን ጊዜ የምታመጡልን ወረቀት ከአራት መስመር አይበልጥም። «አያቴ ገበሬ ነበር። ጦርነት ተነሣ። ድንበር ተሻገርን። አሁን ካምፕ ውስጥ እንኖራለን።» አራቱም መስመር እውነት ነው። ነገር ግን ከአንዱ ደብተር ወደ ሌላው ብትገለብጧቸው ማን የማን አያት እንደሆነ የሚለይ አይኖርም። ሰውየው ምን ያውቅ ነበር? እጁ ምን ይሠራ ነበር? ጎረቤት የሚጠራው ለምን ጉዳይ ነበር? የሚጎድለው ይኼ ነው። እንግዲህ ዛሬ የቤት ሥራውን እኔው ልሥራና አሳያችሁ። የምጽፈው ስለ አያቴ ነው። መንዝ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ሠርተው፣ በኬንያው ሞያሌ ሄሉ በተባለው ሰፈር ኖረው አረፉ። ሙያቸው እሳት ማጥፋት ነበር።

(ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ ግን ዓ.ም. እያልኩ ስለምጨምርበት እዩት።)

በመጀመሪያ ስለ ወረቀቱ ልንገራችሁ። በ1991 ድንበር ስንሻገር ስማችንን የመዘገበው ሰው ከአያቴ ስም ትይዩ፣ «ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ፣ «የለውም» ብሎ ጻፈ። ሰውየው ክፉ ነበር አልልም። ፊቱ የቆመው ሰልፍ ጫፉ አይታይም፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የመጡት ደግሞ ስድሳ የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው፣ የልጅ ልጅ አዝለው፣ በአንድ እጃቸው ባልዲ አንጠልጥለው። እናቴ እንደምትለው አያቴ «የእሳት አደጋ ጡረተኛ ነኝ» ብለው ሁለት ጊዜ ተናግረዋል። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደተረጎመው እግዜር ይወቅ። ወረቀቱን አሁንም አስቀምጬዋለሁ። ታሪክ የምንማረው ከወረቀት ነው ስንባባል እኔ ሁልጊዜ ይኼ ወረቀት ይታወሰኛል።

አያቴ «የማይጨው ዘመቻ ሲሆን ሁለት ዓመቴ ነበር ተብያለሁ» ይሉ ነበር። አዲስ አበባ የገቡት በጉርምስናቸው፣ በእግራቸው ነው። ለማዘጋጃ ቤት የቀን ሠራተኛ ሆነው ድንጋይ ሲሸከሙ ቆዩና በ1950 ዓ.ም. ወደ እሳት አደጋ ተዛወሩ። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው «ልብስና ጫማ ይሰጣል ተባለ» አሉኝ። ጀግንነት ምናምን የሚባል ነገር አላነሡም።

አዲስ አበባና እሳት የቆየ ትውውቅ አላቸው። የምኒልክ ግቢ ራሱ ከተማዋ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በ1892 ተቃጥሎ እንደገና ነው የተሠራው። ያን ጊዜ ክዳኑ ሣር ነበር። በኋላ ቆርቆሮ እየተለመደ መጣ። ቆርቆሮ ከጎረቤት የሚበር ፍንጣሪ አያቀጣጥለውም፤ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ከቆርቆሮው ሥር ያለው ያው እንጨትና ጭድ ያለበት ጭቃ ነው፤ ቤቱም ከጎረቤቱ ቤት ጋር ግድግዳ ተጋርቶ የቆመ ነው። በዚያ ላይ እሳት በከተማዋ ላይ መሣሪያም ሆኖ ያውቃል። በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ ሜይ 2 በባቡር ወደ ጅቡቲ ከወጡ በኋላ ከተማዋ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች፤ ጣልያን ሜይ 5 ሲገባ ያገኘው ያንን ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ደግሞ ፋሺስቶቹ ለሦስት ቀን ሕዝብ ሲጨፈጭፉ ጎጆዎችን ከነሰዎቻቸው አቃጠሉ። አያቴ ሥራ ሲጀምሩ ያንን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ገና በየሰፈሩ ነበሩ። «እሳት!» ብሎ የሚጮህ ሰው ሲሰሙ ዕቃ ሳይሆን ልጅ ነው መጀመሪያ የሚይዙት ይሉኝ ነበር።

«እሳት አደጋ» ለአዲስ አበባ ሰው መሥሪያ ቤቱም፣ መኪናውም፣ ሠራተኛውም ነው። «እሳት አደጋ መጣ!» ከተባለ ሦስቱም መጥተዋል ማለት ነው። አያቴ እንደሚያወሩት ዋናው ጣጣ ግን ማጥፋቱ ሳይሆን እሳቱ ዘንድ መድረሱ ነበር። መኪናው በሰፈር ውስጥ ቀጭን መንገድ አይገባም፤ ዋናው መንገድ ላይ ይቆምና ቱቦውን በትከሻ ተሸክሞ መሮጥ ነው። ውሃ ሲለቀቅበት ቱቦው እንደ ዘንዶ ይፈራገጣል። አፉን የሚይዘው ሰው ብቻውን አይቆምም፤ ከኋላው ወገቡን የሚደግፍለት ሌላ ሰው አለ። አያቴ ለብዙ ዓመት ደጋፊ ነበሩ። «ፊት ያለው ሰው እሳቱን ያያል፤ እኔ የማየው ጀርባውን ነው» ይሉ ነበር። ከዚያ ደግሞ የቦቴው ውሃ ያልቃል፤ ሌላ እስኪመጣ ባልዲ፣ አፈር፣ መጥረቢያ፣ የተገኘው ሁሉ።

ሄሉ ውስጥ ልጆችን ሰብስበው ሲያስተምሩ ግን ስለ መኪና አላወሩም፤ መኪና አልነበረማ። የሚሉት እንዲህ ነበር። እሳት እንደ ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ይቀመጣል። አንዱ ጉልቻ ሙቀት ነው፤ ሁለተኛው የሚበላው ነገር ነው፤ ሦስተኛው አየር ነው። አንዱን ጉልቻ ንቀሉት፣ ድስቱ ይገለበጣል። ውሃ ሙቀቱን ይነቅላል። አሸዋና የረጠበ ጆንያ አየሩን ይነቅላል። የሳይንስ መምህራኖቻችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሦስት ማዕዘን ስለው የሚያስተምሩት ይኼንኑ ነው። ላምባና ቤንዚን ላይ ውሃ እንዳይደፋ አጥብቀው ያስጠነቅቁ ነበር፤ ሁለቱም ከውሃ ይቀላሉና ላዩ ላይ ተንሳፈው እየነደዱ ውሃው ወደ ሄደበት ይሄዳሉ።

የቀረው ሁለተኛው ጉልቻ ነው፤ እሳቱ የሚበላው ነገር። እሱን የሚነቅሉት በማፍረስ ነው። እሳቱ ወደፊት የሚሄድበትን መስመር አይቶ፣ ገና ያልተቃጠለውን ቤት ቀድሞ አፍርሶ፣ እንጨቱን ጎትቶ ማራቅ። አያቴ በሠላሳ ዓመት ሥራ ውስጥ ከሁሉ የከበደኝ ይኼ ነው ይሉ ነበር። የሚቃጠል ቤት ውስጥ መግባት ያስፈራል እንጂ ማንም አይቃወምህም፤ ያልነካው እሳት የሌለበትን የሰው ቤት ለማፍረስ መጥረቢያ ስታነሣ ግን ባለቤቱ ፊትህ ይቆማል። እና ትክክል ነው፤ ቤቱ ደህና ነው። ያንተ ዓይን ብቻ ነው ከሩብ ሰዓት በኋላ ደህና እንደማይሆን የሚያየው።

በ1981 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ጡረታቸውን እየተቀበሉ አዲስ አበባ ቢቀመጡ ኖሮ እኔ ይህን አልጽፍም ነበር። አባቴ ነገሌ ቦረና በነበረው ጦር ውስጥ ሹፌር ነበር፤ እኛም እዚያው ነበርን። በ1983 ዓ.ም. በበልጉ ጦርነቱ ወደ መሐል አገር ሲጠጋ አያቴ እኛን ወደ አዲስ አበባ ሊወስዱ ነገሌ ድረስ መጡ። መመለሻ አጡ። ግንቦት 13 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ሄዱ፤ ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። በደቡብ የነበረው ሠራዊት ተበተነና ወታደሩም ቤተሰቡም በጭነት መኪና እየተሳፈረ ወደ ሞያሌ ወረደ። እኛም በሜጋ በኩል መጣን። የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከመንገዱ የማስታውሰው አቧራውንና የአያቴን ባልዲ ነው። ባልዲውን ለምን እንደያዙት የጠየቃቸው ሰው ብዙ ነው። «ውሃ ካገኘሁ እቀዳበታለሁ፣ ካጣሁ እቀመጥበታለሁ» ይላሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ምክንያቱም በዚህ መንገድ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ጣልያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላም ደቡቡ ወዲያው አልወደቀም። ራስ ደስታ ዳምጠው፣ ደጃዝማች ገብረ ማርያምና ደጃዝማች በየነ መርዕድ እስከ 1937 መጀመሪያ ተዋጉ፤ በፌብሩዋሪ ጎገቲ ላይ ተሸነፉ፤ ራስ ደስታም ተይዘው በዚያው ወር በጥይት ተገደሉ። ከተረፈው ሠራዊት ብዙው ከነሚስቱ ከነልጁ ወደ ኬንያ ወረደ። ከእነሱ ጋር ከጣልያን ጦር ከድተው ለኢትዮጵያ የተዋጉ ኤርትራውያን ወታደሮች ነበሩ። የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ መንግሥት ኢሲዮሎ ላይ ካምፕ አበጀላቸው፤ ቁጥራቸው ከ6 ሺህ በለጠ። በኋላም ወደ ታቬታ፣ ኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ ወዳለው ቦታ ተዛወሩ።

ለእነዚያ ሰዎችም ወረቀት ነበራቸው፤ በወረቀቱ ላይ ስማቸው ወጪ ነው። ማን ይቀልባቸው፣ የኬንያ ግምጃ ቤት ነው የለንደኑ የሚከፍለው፣ ይህ ነበር ክርክሩ። ከዚያ በ1940 ጁን 10 ጣልያን እንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀች። በአንድ ጊዜ እነዚያው ስደተኞች ሥራ አላቸው ተባለ፤ ወታደር ናቸው። ከኬንያ ካምፖች የተመለመሉት ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ የሚባለውን ጦር ሆነው በሱዳን በኩል ጎጃም ገቡና ዊንጌት ከሚመራው ከጌዴዎን ጦር ጋር ተሰለፉ። ሞያሌ ራሷ በጁላይ 1940 በጣልያን ተይዛ ነበር፤ በፌብሩዋሪ 1941 ነው የተለቀቀችው። ሰዎቹ ታቬታ ላይ ሳሉና ጎጃም ላይ ሳሉ ያው ሰዎች ናቸው። የተለወጠው ጠያቂው የሚፈልገው ነገር ነው። አያቴ ይህን ታሪክ የሰሙት ከሞያሌ ሽማግሌዎች ነበር፤ ደስ ይላቸው ነበር። «ታዲያ እኔንስ እሳት ሲነሣ ይጽፉኛላ» አሉ።

ወደ እኛው ልመለስ። ያረፍነው ዋልዳ ነው፤ ሶሎሎ አካባቢ የነበረ ካምፕ። ከናንተ ብዙዎቻችሁ ስሙን አልሰማችሁትም፤ በ1993 ተዘግቷል፤ ከነበረው ሰው ብዙው በ1992 ወደተከፈተው ካኩማ ነው የተወሰደው። ዋልዳ በረሃ ነው። ጎጆው ከእሾህ እንጨት፣ ከሣርና ከፕላስቲክ ሸራ ነው የሚሠራው፤ ምግብ የሚበስለው ደግሞ ከጎጆው ደጃፍ በሦስት ድንጋይ ላይ ነው፤ ንፋሱ አያርፍም። አያቴ ገና በመጀመሪያው ሳምንት በእርምጃ እየለኩ በየጎጆው መዞር ጀመሩ። በጎጆና በጎጆ መካከል ያለው ክፍት ቦታ የጎጆው ቁመት እጥፍ ይሁን ይላሉ። ሰው ይስቅባቸው ነበር። ሰው ዘመዱ አጠገብ ነው መጠለል የሚፈልገው፤ በተለይ ሌሊት፣ በተለይ ሴቶች። ይህን ፍርሃት አያቴ አልናቁትም። «በር ለበር ተያዩ እንጂ ግድግዳ አትደጋገፉ» ብለው አስታረቁት።

ከብዙ ዓመት በኋላ በመምህርነት ሥልጠና ላይ ስለ መጠለያ አሠራር «ስፊር» የተባለውን ዓለም አቀፍ መመሪያ እጄ አስገባሁ። በመጠለያዎች መካከል ቢያንስ 2 ሜትር፣ ቢቻል የመጠለያው ቁመት እጥፍ፤ በየ300 ሜትሩ ደግሞ 30 ሜትር ስፋት ያለው ባዶ መሬት ይላል። ቃል በቃል የአያቴ ነገር! እሳቸው መመሪያ አላነበቡም። የሚነድ ግድግዳ ሲወድቅ እስከ የት እንደሚደርስ ያውቁ ነበር፤ በቃ።

ዋልዳ ሳለን የሆነ አንድ ነገር እናቴ ደጋግማ ታነሣለች። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የነበረ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። ብዙ ሰው ሞተ። የጥቅምት 1984ን የኮረም ረሀብ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን በዚያ ፍንዳታ ግራ እጁን አጣ፤ አብሮት የነበረው ድምፅ ቀራጭ ጆን ማታይ ሞተ። ዜናው በሬዲዮ ሲነገር አያቴ ባልዲያቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ብድግ አሉና ካምፑን መዞር ጀመሩ፤ እስኪመሽ ዞሩ። «ልጆቻችን እዚያ ውስጥ ናቸው» ብቻ ነው ያሉት፤ ልጆቻችን የሚሉት የሥራ ባልደረቦቻቸውን ነው። መንግሥት ሲወድቅ፣ ወታደሩ ሲበተን፣ እሳት አደጋ አይበተንም ብለው እርግጠኛ ነበሩ። ጡረታ መውጣታቸውን ሲጸጸቱ ያየኋቸው — ማለቴ እናቴ ያየቻቸው — ያን ቀን ብቻ ነው።

ዋልዳ ሲዘጋ እኛ ወደ ካኩማ አልሄድንም፤ አባቴ ሞያሌ የጋራዥ ሥራ አግኝቶ ነበርና ሄሉ ቤት ተከራየን። ሄሉ ያን ጊዜ እንደ አሁኑ አይደለም። የኢሲዮሎ መንገድ በ2010ዎቹ አስፋልት እስኪሆን ድረስ ናይሮቢ ለመድረስ በጭነት መኪና ላይ ከከብት ጋር ተጭኖ ሁለት ቀን መንገላታት ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ቦረናው፣ ገብራው፣ ቡርጂው፣ ገሪው፣ ከኢትዮጵያ የመጣው ሐበሻ ተቀላቅሎ ይኖራል፤ መግባቢያው ኦሮምኛና ስዋሂሊ ነው። አያቴ የአንድ ሱቅ ዘበኛ ሆኑ። አርባ ቃል የማይሞላ ኦሮምኛ ነበራቸው፤ ከአርባው ግማሹ ስለ እሳት ነው። ልጆቹ «አባ ኢቢዳ» አሏቸው፤ የእሳት አባት እንደ ማለት ነው። እኔንም «የአባ ኢቢዳ ልጅ» ይሉኝ ነበር። የእሳት ልጅ አመድ ነው እያልኩ እመልስላቸው ነበር፤ ተረቱ በኦሮምኛ አይገባቸውም እንጂ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። የአሥር ዓመት ልጅ ገደማ ሳለሁ፣ በደረቁ ወቅት፣ ሌሊት፣ በሰፈሩ ገበያ ቤንዚን በጀሪካን የሚሸጥበት ሱቅ ተቃጠለ። ሱቆቹ በሳንቃና በሸራ ተያይዘው የተሠሩ ናቸው፤ ንፋሱ ደግሞ ወደ መኖሪያ ቤቶቹ ነው። ሰው በባልዲ ውሃ ይዞ እየሮጠ እላዩ ላይ ይደፋል፤ እሳቱ በመሬት ላይ እየፈሰሰ ይሄዳል። አያቴ በባዶ እግራቸው ወጡ። «ቢሻን ዲሳ!» — ውሃውን ተዉት — የሚለው ጩኸታቸው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወጣቶቹን አሸዋ አስያዟቸው። ከዚያ እሳቱን ትተው ወደ ንፋሱ አቅጣጫ ተራመዱና ከሚነደው ሱቅ አራተኛ የሆነውን አንድ የሻይ ቤት በዓይናቸው ለኩ።

የሻይ ቤቱ ባለቤት ባሏ የሞተባት፣ ሻይና ማንዳዚ እየሸጠች ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ነበረች። እሳቱ ገና አልነካትም፤ ዕቃዋን እያወጣች ነበር። አያቴ ጫፉ የተቆለመመ ረጅም እንጨት ነበራቸው፤ ራሳቸው የሠሩት። ምሰሶው ላይ ሰቀሉት። እሷ ምሰሶውን አቀፈች። «እናቴ፣ ይቅር በይኝ» አሏት፣ በአማርኛ። የምትሰማው ቋንቋ አይደለም። ሁለት ጎረምሶች እጇን ይዘው አራቋት፤ ቤቱ ተገነደሰ፤ እንጨቱንና ሸራውን ጎትተን አራቅነው። እሳቱ በመካከል ያሉትን ሁለት ሱቆች በልቶ ባዶው መሬት ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ወዲያ የነበሩት ቤቶች አንዳቸውም አልተነኩም።

በማግስቱ ሰው ሁሉ ፈጣሪውን አመሰገነ። የተቃጠለባቸው ሦስቱ ሰዎች ተዋጥቶ ተሰጣቸው። የሻይ ቤቷ ሴት ግን አልተቃጠለባትም፤ ቤቷን ሰው ነው ያፈረሰው። ሽማግሌዎች ፊት ከሰሰቻቸው። ከሽማግሌዎቹ ገሚሱ «የዳነው ሰፈር ያዋጣላት» አለ፤ ገሚሱ «ስደተኛ የሰው ቤት የማፍረስ ሥልጣን ማን ሰጠው?» አለ። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ተማሪዎች ተከራከሩበት። አዲስ አበባ ሲሆን መጥረቢያቸውን ያነሡት በመንግሥት ልብስ ነው፤ ሄሉ ላይ ግን አንድ ወረቀት ነው ያላቸው፣ እሱም «ሥራ፡ የለውም» ይላል። አያቴ አልተከራከሩም። የሁለት ወር የዘበኝነት ደሞዛቸውን ሰጧት፤ በቀን በቀን እየሄዱም ቤቱን በእጃቸው መልሰው ሠሩላት። እሷም ዝም ብላ አየቻቸው። ቤቱ ካለቀ በኋላ በደጇ ሲያልፉ ሰላም አትላቸውም ነበር።

እኔ ያኔ ተናድጄባት ነበር። አሁን ግን አልፈርድባትም። ቤቱ ባይፈርስ ይቃጠል እንደነበር ልታውቅ የምትችለው ቢቃጠል ብቻ ነው። አያቴ ያዳኑት ነገር የማይታይ ነገር ነው፤ ያፈረሱት ግን ይታያል።

ይኼን ሁሉ ስጽፍ ስለ ድሮ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በማርች 2018 በኢትዮጵያው ሞያሌ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ከገደሉ በኋላ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደዚህ ተሻገረ፤ በየሜዳው ቅጠልና ሸራ ተከለ። የተከለበትን አራራቅ ሳይ ሆዴ ባር ባር አለኝ። በማርች 22 ቀን 2021 ባንግላዴሽ ውስጥ ኮክስ ባዛር በሚገኘው የሮሂንጋ ስደተኞች ካምፕ የተነሣው እሳት 45 ሺህ ያህል ሰዎችን መጠለያ አሳጣ። ጎጆዎቹ ቀርከሃና ሸራ ናቸው፤ ተደጋግፈው የቆሙ። ብዙዎች አጥሩ መውጫ እንደከለከላቸው ተናግረዋል።

በሌላ በኩል ደግሞ ሞሪታኒያ ውስጥ ምቤራ የሚባል ካምፕ አለ፤ ነዋሪዎቹ ከማሊ የተሰደዱ ናቸው። አካባቢው ደረቅ ሣር ነው፤ ሰደድ እሳት ይነሣል፤ ሣሩ ከተቃጠለ የስደተኛውም የአገሬውም ከብት ያልቃል። ስደተኞቹ በፈቃዳቸው ተሰባስበው የእሳት መከላከል ቡድን አቋቋሙ። መኪና የላቸውም፤ ርጥብ የዛፍ ቅርንጫፍ ይዘው እሳቱን እየመቱ ያጠፉታል፤ እሳት እንዳይሻገር ባዶ መስመር ይጠርጋሉ፤ ዛፍ ይተክላሉ። ከ100 በላይ ሰደድ እሳት አጥፍተዋል። በ2022 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የናንሰንን የአፍሪካ ክልል ሽልማት ለእነሱ ሰጠ። ፎቶግራፋቸውን ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሳሳይ አንዱ «እነዚህ የማን መሥሪያ ቤት ናቸው?» አለኝ። የማንም።

አያቴ ያረፉት በ2004 ነው። የሄሉ ሰው ክርስቲያኑም እስላሙም ቀብራቸው ላይ ወጣ። የሻይ ቤቷ ሴትም መጥታ ነበር፤ ከሴቶቹ ጋር ጥግ ላይ ተቀመጠች። ከቀብር ስንመለስ እናቴን ጠርታ በኦሮምኛ የነገረቻትን እናቴ ያን ለት ማታ ተረጎመችልኝ። «ሰውዬሽ የሠራልኝ ቤት እስከ ዛሬ ዝናብ አያስገባም። የበፊቱ ግን የራሴ ነበር» ነው ያለቻት።

ባልዲው ተበስቶ ተጣለ። የተቆለመመው እንጨት ግን ገበያው ውስጥ፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። እንጨቱን ሁለት ጊዜ ቀይረውታል፤ ብረቱ ያው የድሮው ነው።